ለሐኪማችሁ «በያጅ ነኝ» በሉ

በብየዳና በብረታ ብረት ሥራ ለሚተዳደሩ አማርኛ ተናጋሪ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው በአላሜዳ ካውንቲ የቀረበ ንግግር

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው። የሐኪም ምርመራን አይተካም። የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም ከባድ ቃጠሎ ካጋጠማችሁ ወዲያውኑ 911 ደውሉ።

በዕረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ስለ ባላችሁ፣ ስለ ልጃችሁ፣ ስለ ወንድማችሁ ብላችሁ የመጣችሁ እናቶችና እህቶችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናገረው ነገር ከብየዳ ሱቁ ወጥቶ ቤት ድረስ የሚገባ ነውና ይመለከታችኋል።

እኔ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። አገር ቤት የተመረቅሁት በነርስነት ነው፤ አዲስ አበባም ሠርቼበታለሁ። እዚህ ስመጣ ዲግሪዬ መሳቢያ ውስጥ ገባ፤ ጆሮዬና አንደበቴ ግን ሥራ አገኙ። አስተርጓሚ ከራሱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ታካሚው ያለውን ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ ያለውን ለታካሚው ያደርሳል። ዛሬ ግን የማንንም ቃል አላደርስም፤ የራሴን ነው የምናገረው።

አገር ቤት ልጆች ሳለን በብየዳ ቤት ደጃፍ ስናልፍ እናቶቻችን «አትዩ! ዓይናችሁ ይጠፋል» ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። ብርሃኑ ይጎዳል። ስለ ጭሱ ግን ማንም አልነገረንም። ብርሃኑን ፊት በማዞር ማምለጥ ይቻላል፤ ጭሱን ግን ሳናውቀው እንስበዋለን።

አንድ ታሪክ

የምነግራችሁ ሰው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ መለያውን ቀይሬዋለሁ። ቁም ነገሩ ግን እንዳለ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወንድማችን ክሊኒክ መጣ። ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠው አድሯል፤ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት አለው። ለሐኪሟ የነገራት «ምች መታኝ» ብሎ ነው። ዳማ ከሴ አስልኮ ጠጥቷል፤ ላብ በላብ ሆኖ ትንሽ ቀለል ብሎታል። ቅጹ ላይ «ሥራ» በሚለው ቦታ «ሹፌር» ተብሎ ተሞልቷል።

እኔ ግን ክንዱን አየሁት። ከእጅ አንጓው በላይ ትናንሽ፣ ክብ ክብ የእሳት ብልጭታ ጠባሳዎች አሉ። ሸሚዙም የተቃጠለ ብረት ይሸታል። አገር ቤት ነርስ ሳለሁ ከብረታ ብረት ሱቆች የሚመጡ ልጆችን እንዲህ ነበር የማውቃቸው። በልቤ «ይሄ ሰው በያጅ ነው» አልኩ፤ ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬን በሙያው ሕግ ላሳብበው እችል ነበር። እውነቱ ግን ሰውየው ያፍርብኛል ብዬ ነው።

«ጉንፋን ነው፣ ዕረፍት አድርግ» ተባለ። በሐሙሱ ዳነ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ እንደገና አመመው። ያን ቀን የተረጎመለት ሌላ ሰው ነው፣ በስልክ። «ምች» የሚለውን «የሳንባ ምች» ብሎ ተረጎመው። እናንተ ልዩነቱን ታውቃላችሁ፤ ሐኪሙ ግን በምን ያውቃል? ራጅ ተነሳ፣ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፣ ራጁም ንጹህ ሆነ። ሕመሙ ግን ተመልሶ መጣ።

በሦስተኛው ጊዜ እንደገና ከእኔ ጋር ተገናኘን። አሁንም «ምች» አለ። ያን ጊዜ ፈቃድ ጠይቄ፣ ለሁለቱም በሚሰማ መንገድ፣ «አሁን የምናገረው እኔ አስተርጓሚዋ ነኝ። ‹ምች› የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ቀጥተኛ አቻ የለውም። መቼ መቼ እንደሚነሳበትና ከምን በኋላ እንደሚመጣ ቢጠይቁት ጥሩ ነው» አልኩ። ለአስተርጓሚ ይህ የተፈቀደ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ።

ሐኪሟ ጠየቀችው። ሰውየው በጣቱ ቆጠረ፤ ሁልጊዜ ሰኞ ማታ ነው። «ሰኞ ምን ትሠራለህ?» አለችው። ወደ እኔ ዞሮ «ልንገራት ይሆን?» አለኝ። እኔም ያንኑ ለሐኪሟ ተረጎምኩላት፤ በክፍሉ ውስጥ የተባለው ሁሉ ይተረጎማልና። እሷም «የምጠይቅህ ላክምህ ነው። ስለ ወረቀትህ አልጠየቅኩህም» አለችው። ያን ጊዜ ተናገረ። በአንድ ያገሩ ልጅ ሱቅ ውስጥ አጥርና የብረት በር ይበይዳል። ቱቦው ጋልቫናይዝድ ነው። ሱቁ በሩን ዘግቶ ነው የሚሠራው፤ ጎረቤት በጭሱና በጫጫታው ያማርራልና። «ሹፌር» ያለው ያሠራውን ሰው ላለማስነካት ነው።

ሕመሙ ስም አለው፤ የብረት ጭስ ትኩሳት ይባላል። ወራት የፈጀው አንድ ቃል ስለጎደለ ነው። «በያጅ ነኝ» የሚል ቃል።

የብረት ጭስ ትኩሳት ምንድን ነው?

ጋልቫናይዝድ ብረት እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ ወይም በእሳት ሲቆረጥ ዚንኩ ይተንና ነጭ ጭስ ይሆናል። ያን ጭስ የሳበ ሰው ወዲያው ላይሰማው ይችላል። ከ4 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ ቤቱ ከገባ በኋላ ማታ ላይ፣ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃል።

ለምን ሰኞ? ሰውነት በተከታታይ ቀናት ጭሱን ትንሽ ይለምደዋል፤ በቅዳሜና እሑድ ዕረፍት ልማዱ ይጠፋል። ሰኞ ሲመለስ እንደ አዲስ ይመታዋል። ስለዚህ ማክሰኞና ረቡዕ አለማመሙ ጭሱ ተወገደ ማለት አይደለም።

ትኩሳቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ የምትተነፍሱት አየር መጥፎ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው። ሁለተኛ፣ እሱን የሚመስል ግን የሚገድል ሌላ ነገር አለ። በካድሚየም የተለበጡ አንዳንድ ብሎኖችና የብረት ክፍሎች ሲሞቁ የሚወጣው ጭስ መጀመሪያ ላይ እንደዚሁ ትኩሳት ይመስላል፤ በማግስቱ ግን ሳንባ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ ከብየዳ በኋላ ትንፋሽ ካጠረ «ይለቀኛል» ብላችሁ አትጠብቁ። ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ምን ብረት ስትሠሩ እንደነበርም ተናገሩ።

ጭሱ ውስጥ ምን አለ?

የብየዳ ጭስ እንደ ማገዶ ጭስ አይደለም። ለዓይን የማይታዩ የብረት ቅንጣቶችና ጋዞች ድብልቅ ነው።

• ተራ ብረት፦ ማንጋኒዝ አለበት። ለዓመታት ሲጠራቀም ነርቭን ይጎዳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የአካሄድ መለወጥና የስሜት መቀያየር ሊያመጣ ይችላል።
• አይዝጌ ብረት፣ ስቴንለስ የምንለው፦ ክሮሚየም አለበት። ሲበየድ የሚወጣው የክሮሚየም ዓይነት የሳንባ ካንሰር ያመጣል፤ አስምና የቆዳ ቁስለትም ያስከትላል።
• አሮጌ ቀለም የተቀባ ብረት፦ ቀለሙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው፤ ኦክላንድና በርክሌይ ውስጥ ግን ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት፣ አጥርና ደረጃ ብዙ ነው።
• በፍሬን ማጽጃ ወይም በሌላ ቅባት አስለቃቂ የተወለወለ ብረት፦ ክሎሪን ያለበት ማጽጃ በብየዳው ሙቀትና ብርሃን ፎስጂን ወደሚባል መርዛማ ጋዝ ይለወጣል። በትንሽ መጠንም ይገድላል። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ አስነብቡ። ክሎሪን ያለበት ከሆነ በአካባቢው አትበይዱ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች መካከል መድቦታል። ይህን የምነግራችሁ ሥራውን እንድትተዉ አይደለም፤ ቤተሰብ የምታስተዳድሩበት ሙያ ነው። ጭሱን ከሳንባችሁ የማራቅ ሥራም የዚያው ሙያ አካል መሆኑን እንድታውቁ ነው።

በዚሁ በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ትልቅ ምሳሌ አለን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሪችመንድ በነበሩት የካይዘር የመርከብ ማምረቻዎች 747 መርከቦች ተሠርተዋል። እዚያ ከሠሩት በያጆች ብዙዎቹ ሴቶች፣ ብዙዎቹም ከሩቅ አገር ቤታቸው ሥራ ፍለጋ የመጡ ነበሩ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ካርዱን በኪሳችሁ የያዛችሁት የካይዘር የጤና መድን ለእነዚያ ሠራተኞች ሕክምና ሲባል ተስፋፍቶ በ1945 ለሕዝብ የተከፈተ ነው። በዚያን ዘመን በመርከብ ሥራ ላይ አስቤስቶስ የተነፈሱ ብዙ ሠራተኞች ግን የታመሙት ጦርነቱ አልቆ፣ ልጆቻቸው አድገው፣ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው። የሳንባ ጉዳት ደረሰኙን ዘግይቶ ነው የሚልከው።

ወተት ሳንባን አያጥብም

አገር ቤት «ብየዳ ስትሠራ ወተት ጠጣ» ይባላል። እዚህም ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። ወተት ምግብ ነው፤ ጠጡት። ግን ወተቱ ወደ ሆድ ነው የሚሄደው፣ ጭሱ ደግሞ ወደ ሳንባ። መንገዳቸው አይገናኝም። ወተት ጠጥቶ ያለ ጭስ መሳቢያ የሚበይድ ሰው ምንም እንዳልተከላከለ ይቆጠራል።

የሚከላከለው በቅደም ተከተል ይህ ነው፦

1. ቀለሙን ወይም የዚንክ ልባጩን ከመበየድ በፊት ከመገጣጠሚያው ዙሪያ ማስወገድ። በግራይንደር ሲነሳ አቧራውም መርዝ ስለሆነ በዚያን ጊዜም የመተንፈሻ ጭንብል ያስፈልጋል። እርሳስ ያለበት ቀለም ከሆነ ልዩ ሥልጠና ይጠይቃል።
2. ጭሱን ከሚወጣበት ቦታ ላይ የሚስብ መሳቢያ። አፉ ከብየዳው አጠገብ መሆን አለበት። ጣሪያ ላይ ያለ ማራገቢያ ብቻውን አይበቃም፤ ጭሱ ወደ ጣሪያው የሚወጣው በፊታችሁ በኩል አልፎ ነውና።
3. አቋቋም። ጭንቅላታችሁን ከጭሱ ዓምድ ውጭ አድርጉ። ነፋሱ ከጎን እንዲመጣ ቁሙ።
4. ሬስፒሬተር የሚባለው የመተንፈሻ ጭንብል። ጨርቅ ወይም የቀዶ ሕክምና ማስክ ለብረት ጭስ አይሠራም። ፊት ላይ የሚጣበቀው ዓይነት በልክ መመረጥና መሞከር አለበት፤ ከዚያ በፊትም የጤና ጥያቄዎች ይኖራሉ። ጺም ካለ ጭሱ በጎን ይገባል። ጺማችሁን በእምነት ምክንያት የማትላጩ ከሆነ አየር እየነፋ የሚሰጥ፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ ዓይነት ስላለ እሱን ጠይቁ።

ዓይን

የብየዳ ብርሃን ዓይንን የሚያቃጥለው እንደ ፀሐይ ቃጠሎ ነው። ሲነካችሁ አይታወቃችሁም። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ፣ ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተደፋ ይመስላል፤ እንባ ይፈስሳል፣ ብርሃን ማየት አይቻልም። አጠገብ ቆሞ የሚያቀብል ረዳትም ይመታል።

እንዲህ ሲሆን ድንች ከትፎ ዓይን ላይ ማድረግ፣ ወተት ጠብ ማድረግ የተለመደ ነው። እባካችሁ ዓይን ውስጥ ምንም ምግብ አታስገቡ፤ የቆሰለ ዓይን ላይ ኢንፌክሽን ይጨምራል። የማደንዘዣ ጠብታም ከሰው ተቀብላችሁ አታድርጉ፤ ሕመሙን ይደብቃል፣ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል። በንጹህ ቀዝቃዛ ጨርቅ ሸፍናችሁ፣ አጨልማችሁ ዕረፉና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይድናል። የብረት ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ ከገባ ግን አትሹት፣ ራሳችሁም በመርፌ ወይም በጨርቅ ጫፍ አታውጡት፤ በዚያው ቀን ታከሙ።

የፀሐይ መነጽር ለኤሌክትሪክ ብየዳ አይበቃም። የማስኩ መስታወት ቁጥር አለው፤ ለኤሌክትሪክ ብየዳ ብዙውን ጊዜ ከ10 ጀምሮ ነው፣ ኃይሉ ሲጨምር ቁጥሩም ይጨምራል። ከማስኩ ሥርም ግልጽ የደህንነት መነጽር አድርጉ፤ ማስኩን አንሥታችሁ ጥቀርሻውን በመዶሻ ስትመቱ የሚፈነጥረው ያን ጊዜ ነው። ለጎረቤት ሠራተኞችም በመካከል መጋረጃ ይደረግ።

እሳት፣ ቦንቦላና በርሚል

• ብልጭታ ሩቅ ይሄዳል። በ35 ጫማ፣ ማለትም በ11 ሜትር ገደማ ዙሪያ የሚቀጣጠል ነገር አይኑር። ሊነሳ የማይችለው እሳት በማይበላው ነገር ይሸፈን።
• ብየዳው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው እሳት ማጥፊያ ይዞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይጠብቅ። በግድግዳ ውስጥ የገባ ፍም ሁሉም ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው የሚነሳው።
• የነዳጅ፣ የዘይት ወይም የቀለም በርሚል «ባዶ ነው» ብላችሁ አትቁረጡ። ባዶው ከሙሉው ይብሳል፤ ውስጡ የቀረው ትነት ነው የሚፈነዳው። አገር ቤት በርሚል ቆርጦ ምድጃና በር መሥራት ስለለመድን ይህን ደግሜ እላለሁ።
• የኦክሲጅንና የአሴቲሊን ቦንቦላ ቆሞ በሰንሰለት ይታሰር። በመጋዘን ሲቀመጡ ቢያንስ 20 ጫማ ይራራቁ ወይም እሳት በማይበላው ግድግዳ ይለያዩ።
• የኦክሲጅን ቦንቦላ መክፈቻን በዘይት ወይም በቅባት በተነካ እጅ አትንኩ። በኦክሲጅን ልብስ አታራግፉ፣ ለማቀዝቀዝም አትጠቀሙበት። ልብስ ውስጥ የገባ ኦክሲጅን በአንዲት ብልጭታ ሰውን ያነድዳል።
• በላብ የራሰ ጓንትና እርጥብ ወለል ኤሌክትሪክ ይጋብዛሉ። ደረቅ የቆዳ ጓንት አድርጉ፣ የተላጠ ገመድ ይለወጥ።
• ልብስ ጥጥ፣ ሱፍ ወይም ቆዳ ይሁን። ናይለንና ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

በታንክ፣ በጉድጓድ ወይም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስትበይዱ አርጎንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክሲጅኑን ገፍተው ቦታውን ይይዛሉ። ሽታ የላቸውም። ሰው ሳይታወቀው ይወድቃል፤ ሊያወጣው የገባው ደግሞ በላዩ ላይ ይወድቃል። አየሩ በመሣሪያ ሳይለካ፣ ውጭ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር አትግቡ። የወደቀ ሰው ካያችሁ ተከትላችሁ አትግቡ፤ 911 ደውሉ። ይህን መስማት ለኛ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ወንድሙን ጥሎ የሚቆም የለም። ግን ሁለት ሬሳ ከመውጣት አንድ ሰው በሕይወት መትረፉ ይሻላል።

በጾም ወቅትም ሆነ በረመዳን፣ በሙቀት ስትሠሩ ውኃ ሳትጠጡ መዋል አደገኛ ነው። ካሊፎርኒያ ከ2024 ክረምት ጀምሮ በቤት ውስጥ ሥራም ሙቀቱ 82 ዲግሪ ፋረንሃይት ሲደርስ አሠሪው ውኃ፣ ዕረፍትና ቀዝቃዛ ቦታ እንዲሰጥ ታዝዛለች። ከባዱን ሥራ ወደ ጠዋት አዙሩ፤ የሃይማኖት አባታችሁንም አማክሩ።

ቤት ስትገቡ

የሥራ ልብሱ አቧራ ይዟል። እርሳስ ያለበት ከሆነ መሬት ላይ የሚድኸው ልጅ እጁን ሲልስ ይውጠዋል። ስለዚህ ልብስና ጫማ ከሱቁ ሳትወጡ ቀይሩ፤ ልብሱን ለብቻው እጠቡ፤ ልጅ ከመታቀፋችሁ በፊት ታጠቡ። ጭስ ባለበት ቦታ ምግብ አትብሉ፤ እንጀራ በእጅ ነው የሚበላው፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። አሮጌ ቀለም ያለበት ብረት የምትሠሩ ከሆነ ለራሳችሁም ለልጆቻችሁም የደም የእርሳስ ምርመራ ጠይቁ።

«ያሠራኝን ሰው እንዴት እከሳለሁ?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተረጎምኩት! አገር ሲገባ ያስጠጋን፣ ወረቀት ሳይሟላልን ያሠራን ሰው አለ። ውለታው ያስራል። ስለዚህ እንዲህ ልንገራችሁ፤ የሠራተኞች ካሳ መድን ክስ አይደለም። ዕድራችንን አስቡት። ሰው ሲሞት ዕድሩ «ማን ገደለው?» ብሎ አይጠይቅም፤ የተዋጣውን ገንዘብ ያወጣል። ይህም እንደዚያ ነው። አሠሪው መድኑን ይከፍላል፤ ሠራተኛ ሲጎዳ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን መድኑ ሕክምናውን ይሸፍናል። ልዩነቱ በዚህኛው ዕድር መዋጮውን የሚከፍለው አሠሪው ብቻ መሆኑ ነው።

በካሊፎርኒያ ሕግ፦

• ካሳው የመኖሪያ ወረቀት ላለውም ለሌለውም ነው።
• ጉዳቱን ለአሠሪው በ30 ቀን ውስጥ አሳውቁ፤ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል። ቀስ ብሎ የመጣ ሕመም ከሆነ ከሥራ የመጣ መሆኑን እንዳወቃችሁ ወዲያው ተናገሩ።
• አሠሪው ባወቀ በ1 የሥራ ቀን ውስጥ የካሳ መጠየቂያ ቅጽ መስጠት አለበት። ቅጹን ሞልታችሁ ከመለሳችሁ በኋላ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እስከ 10,000 ዶላር የሚደርስ ሕክምና ይሸፈናል።
• አሠሪው መድን ባይኖረውም ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል፤ ስቴቱ ለዚህ ያቋቋመው ፈንድ አለ።
• በጥሬ ገንዘብ መከፈል ወይም «1099» መቀበል ብቻውን መብታችሁን አያስቀርም።
• ሥራው የሚጠይቀውን መከላከያ አሠሪው በራሱ ወጪ ያቀርባል። የደህንነት ሥልጠናውም በሚገባችሁ ቋንቋ መሆን አለበት።
• ስለ አደጋ በመናገራችሁ ከሥራ ማባረር ወይም «ለኢሚግሬሽን እነግራለሁ» ብሎ ማስፈራራት የተከለከለ ነው።

ሐኪሙ ሕመሙ ከሥራ የመጣ መሆኑን ሲያውቅ ሪፖርት ይጽፋል፤ ሪፖርቱ ወደ መድን ድርጅቱ ይሄዳል። አትፍሩት፤ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ለሱቅ ባለቤቶች

እዚህ መካከል ሱቅ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተም በየቀኑ ያንኑ ጭስ ነው የምትስቡት። ካል-ኦሻ የሚባለው የካሊፎርኒያ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ለትናንሽ ድርጅቶች ነፃ የምክር አገልግሎት አለው። አማካሪው መጥቶ አየሩን ያያል፣ ምን መስተካከል እንዳለበት ይናገራል፤ የመቀጫ ወረቀት አይጽፍም። ከባድ አደጋ ካገኘ ግን በቀጠሮው ጊዜ ማስተካከል ግዴታ ነው። የብየዳ ሙያውን በወግ መማር ወይም ሠራተኛ ማስተማር ለሚፈልግም ኦክላንድ ያለው የሌይኒ ኮሌጅና ሄይዋርድ ያለው የቻቦት ኮሌጅ የብየዳ ትምህርት ይሰጣሉ።

የዚያ ወንድማችን መጨረሻ እንዲህ ሆነ። ለሱቁ ባለቤት ሲነግረው መጀመሪያ ተቆጣ፤ «አሳልፈህ ሰጠኸኝ» አለው። ከዚያ ግን እሱም ሰኞ ሰኞ እንደሚያንቀጠቅጠው፣ እሱም ዳማ ከሴ እንደሚጠጣ ተናገረ። ሁለቱም በአንድ ጭስ ሲታመሙ አንዱ ለአንዱ ይሉኝታ ዝም ብለው ከርመዋል። አሁን ጭስ መሳቢያ ገዝተዋል፤ ዚንኩን አስቀድመው ያነሳሉ። ወንድማችን ዛሬም ይበይዳል።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ

1. «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል «በያጅ ነኝ» በሉ። ቀን ሹፌር፣ ማታ በያጅ ከሆናችሁ ሁለቱንም ተናገሩ። ቀድሞ አገር ቤት የሠራችሁትንም ጨምሩ።
2. ምን ዓይነት ብረት እንደምትሠሩ፣ ስንት ዓመት እንደሠራችሁ፣ መስኮት ወይም መሳቢያ መኖሩን ንገሩ። የኤሌክትሮዱን ካርቶንና የማጽጃውን ጣሳ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩ።
3. ሕመሙ የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት ጻፉ። በዕረፍት ቀን የሚሻላችሁ ከሆነ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው።
4. «ምች»፣ «ብርድ መታኝ» ካላችሁ በኋላ ምን እንደሚሰማችሁ ዘርዝሩ፤ ትኩሳት ነው? ሳል ነው? የት ያማል?
5. በያጆች ለሳንባ ምች ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ስለ ክትባቱና ስለ ትንፋሽ ምርመራ ጠይቁ። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ለማቆም እርዳታ ጠይቁ፤ ሲጋራና የብየዳ ጭስ ሲደራረቡ ጉዳቱ ይብሳል።
6. አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ፤ መብታችሁ ነው። ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የ12 ዓመት ልጅ «አባትህ ሳንባው ተጎድቷል» የሚለውን ቃል መሸከም የለበትም። ትርጉሙ ያልገባችሁ ወይም የተሳሳተ ከመሰላችሁ አቁሙንና ንገሩን፤ አንቀየምም።

እኔ በዚያ ማክሰኞ ዝም ያልኩት እሱን ላለማሳፈር ነበር። እሱ ዝም ያለው አሠሪውን ላለማስነካት ነው። አሠሪው ዝም ያለው ጎረቤትን ፈርቶ ነው። በሩን ዘግተን ሁላችንም ጭሱን ሳብን። እባካችሁ በሩን ክፈቱት፤ የሱቁንም፣ የአፋችሁንም።

ጠቃሚ ስልኮች

• ድንገተኛ አደጋ፦ 911
• የመርዝ መቆጣጠሪያ፣ ቀንና ሌሊት፣ በነፃ፦ 1-800-222-1222
• የሠራተኞች ካሳ መረጃ፦ 1-800-736-7401
• ካል-ኦሻ፣ የሠራተኞች ጥያቄና አቤቱታ፦ 833-579-0927
• ካል-ኦሻ፣ ለሱቅ ባለቤቶች ነፃ ምክር፦ 1-800-963-9424

ስትደውሉ በእንግሊዝኛ «አምሃሪክ ፕሊስ» በሉና አስተርጓሚ እስኪመጣ በመስመር ላይ ቆዩ።